የበቅሎዋ ዋስ

ተረት ተረት ብዬ ስጣራ የላም በረት በሉኝና ልቀጥል።

እመት ጦጢት ገበያ ወጥታ አንዲት ያገለገለች በቅሎ ገዛች። መሬት አልበቃት አለ! «ከዛፍ ዛፍ መንጠልጠል ቀረልኝ፤ ከእንግዲህ ሽምጥ መጋለብ ነው!» እያለች የተረፋትን አንድ ገንቦ ማር አንግታ ስትወጣ አያ ጅቦ ከጎኗ ብቅ አለ።

«እንኳን ደስ ያለሽ እመት ጦጢት! ግን ያገለገለች በቅሎ መንገድ ላይ መውደቋ አይቀርም። ማሩን ስጪኝና ዋስ ልሁንሽ። የወደቀች ዕለት ዳገትም ይሁን ገደል ሳትጠሪኝ ከተፍ እላለሁ።»

«ሳልጠራህ? እንዲህ ያለ ዋስ ከየት ይገኛል!» ብላ ጦጢት እየዘለለች ገንቦውን ልታቀብለው እጇን ዘረጋች።

ይሄኔ በቅሎዋ አንገቷን አዙራ፣ «እመቤቴ፣ እኔን የሚጥለኝ የተገጠበው ጀርባዬ ነው። ማሩን እሱ ላይ ብትቀቢልኝ ምን አለበት?» አለቻት።

ጦጢት ጀርባዋን አየች፤ ምራቁን የሚውጠውንም ጅብ አየች። ማሩን ለበቅሎዋ ቀባችላት።

ቁስሉ የዳነ ዕለት፣ አቤት ግልቢያ! አቧራው ሰማይ ነካ። አያ ጅቦ ከኋላቸው እያለከለከ ተጣራ፦

«እመት ጦጢት! ማሩም ይቅር! ብቻ ትውደቅልኝ እንጂ በነጻም እመጣለሁ!»