አዛዡ ያለቀሰበት ጉድጓድ

ተረቴን እንደ ሰሌን ዘርግቻለሁ፤ ጆሮ ያለው ይቀመጥበት። በእኛ ልጅነት ይህን ተረት የሚነግሩን ምሳ በሌለበት ቀን ነበር። ሆድ አይሞላም፤ ግን ያስቃል።

ድሮ፣ ነገሥታት አገራቸውን በወሬ በሚያውቁበት ዘመን፣ ጤፍ በሚበቅልበት ደጋ ላይ አንድ ንጉሥ ነበር። በግዛቱ ደቡብ የእንሰት አገር ነበረች። ንጉሡ አይቷት አያውቅም። የቤተ መንግሥቱ ሰዎችም አላዩአትም፤ ግን ሁሉን ያውቁ ነበር። የቆላው ሰው ሰነፍ ነው ይላሉ። ከብት አርቢው ማደሪያ የለውም ይላሉ። የእንሰት አገር ሰው ሥር በላ ነው ይላሉ። ይህን ሁሉ የሚሉት ከተቀመጡበት ሳይነሡ ነው።

አንድ ቀን ንጉሡ ድህነትን ከአገሬ አጠፋለሁ አለ። አዛዥ መሸሻ የሚባለውን ሹም ጠርቶ ከእንሰት አገር እንዲጀምር አዘዘው። አዛዡ በበቅሎ ወጣ። ጃንጥላ ያዥ፣ ስንቅ ተሸካሚና አዝማሪ ተከተሉት። ድህነትን ሊያጠፋ የሚሄድ ሹም ያለ አዝማሪ አይሄድም።

እንደ ደረሰ፣ ተካበች የምትባል መበለት በጓሮዋ ጉድጓድ ስትቆፍር አገኛት። እሷና ጎረቤቶቿ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ቀስ አድርገው አወረዱ። አፈር መለሱበት፤ ድንጋይ ጫኑበት። የዚያ አገር ሰዎች ሬሳቸውን በጓሮ ይቀብራሉ ሲባል አዛዡ ቀድሞ ሰምቷል። አሁን የሰማውን አየ። ከበቅሎው ወርዶ ባርኔጣውን አወለቀ፤ እንባውንም ጠረገ።

«እግዜር ያጥናሽ፣ እናቴ» አላት።

ተካበች ጎረቤቶቿን አየች። ጎረቤቶቿ መሬት መሬቱን አዩ። የተቀበረው ቆጮ ነበር፤ ከእንሰት ተፍቆ ለክፉ ቀን የሚቀመጥ ምግብ። ግን ከዚህ በፊት የመጣ ሹም ሁሉ ያየውን ምግብ ጭኖ ሄዷል። ተካበች ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቀዘቀች።

«አሜን፣ ጌታዬ» አለች።

አዛዡ መንደሩን ዞረ። በየጓሮው ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ ላይ ድንጋይ። ጎተራ ግን አንድም የለም። ተመልሶ ለንጉሡ፣ ያለቁ ሰዎች ናቸው፣ ከቤታቸው መቃብራቸው ይበዛል ብሎ ነገረው። ንጉሡ አዘነ። የቀሩት ምን እንደሚበሉ ግን አልጠየቀም።

አዛዡ ሁለተኛ መጣ። እንሰቱ ሁሉ ይነቀል፣ ጤፍ ይዘራ፣ በየቤቱ ጎተራ ይቁም የሚል ትእዛዝ ይዞ ነበር። እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል፤ ዛሬ ከነቀሉት ልጅ ነገ የሚበላው የለም። ገጀራ የያዙ ወታደሮች ተካበች ጓሮ ገቡ። እሷ ሄዳ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች።

«በእርስዎ አገር፣ ጌታዬ፣ ከመቃብር ላይ ጥድ ይቆረጣል?»

«ማን ደፍሮ?» አለ አዛዡ፤ አማተበም።

«የእኛ ጥድ ይህ እንሰት ነው።»

አዛዡ ወታደሮቹን መለሰ። እንሰቱ ይቅር፣ ጎተራው ግን ይቁም አለ።

ጎተራው ቆመ። ሰዎቹ እጃቸው ብልህ ነው፤ ቀርከሃ ሰነጠቁ፣ በጭቃና በእበት መረጉ፣ ክዳን ሰፉለት። አዛዡ ሦስተኛ መጣ። ጎተራውን በበትሩ መታው። ባዶ ነውና እንደ ነጋሪት ጮኸ። ድምፁን ወደደው። ክዳኑን ሳያነሣ፣ ድህነት ጠፋ ብሎ ተመለሰ። ንጉሡ ካባ ደረበለት፤ አዝማሪው ዘፈነለት። ተካበች የካባውን ወሬ ስትሰማ፣ «ሌላ ባዶ ጎተራ መረጉ በሉኛ» አለች።

ከዚያ ሰማይ ነጣ። የደጋው ጤፍ በቡቃያው ደረቀ። ንጉሡ ያከማቸውን እህል ነቀዝ ጨረሰው። ቤተ መንግሥቱ ተራበ። የንጉሡ ትንሽ ልጅ ማልቀስ ተወ። የተራበ ልጅ ማልቀስ ሲተው፣ ያኔ ነው መፍራት። ንጉሡ የደቡቡ ጎተራዎች ትዝ አሉት። ልጁን አቅፎ፣ አዛዡን አስከትሎ ወረደ።

አዛዡ አንዱን ጎተራ ከፈተ፤ ባዶ። ሌላውን ከፈተ፤ ባዶ። ሦስተኛውን ከፈተ፤ ዶሮ ታቅፋበታለች። ንጉሡ ወደ መንደሩ ሰዎች ዞረ። አንድም የከሳ የለም።

«ምንድን ነው የምትበሉት?» አለ።

«ይህ ጥያቄ መንገድ ላይ ቆየ፣ ጃንሆይ» አለች ተካበች። ከዚያም እንሰታችንን የሚነቅል፣ ጉድጓዳችንን የሚዘርፍ እንዳይኖር ይማሉልኝ አለችው። ንጉሡ ባቀፈው ልጅ ማለ።

ተካበች ድንጋዩን አነሣች። አዛዡ ሬሳ የሚወጣ መስሎት ፊቱን ሸፈነ። ቆጮ ወጣ። ጋግራ ለልጁ አጎረሰችው። ልጁ ዋጠ፤ ከዚያ ጨምሩልኝ ብሎ አለቀሰ።

አዛዡም ቀስ ብሎ እጁን ዘረጋ።

«ይቅመሱ እንጂ» አለችው ተካበች። «አልቅሰውለት የለ?»

ንጉሡ ግን እጇን ያዛት።

«ተይው» አለ። «እሱ ጎተራ አለው።»

ካባውን አስወልቆ የባዶ ጎተራዎቹ ጠባቂ አደረገው። አዛዥ መሸሻም በእንቁላል ከዶሮዋ ጋር እየተጣላ ኖረ ይባላል።

ሳይጠይቅ የናቀ፣ ሲርበው አወቀ።

ሰሌኔን ጠቀለልኩ። አፌን አብሱልኝ፤ ዳቦ ከሌለ ቆጮም ያብሳል።