በግ የተመረቀበት ቤንዚን

የዚህን ታሪክ መዝጊያ አባባል ሰው ሲጣላም ሲታረቅም ይጠቅሰዋል። ከየት መጣ ሲሉት ግን “አባቶች ናቸው ያሉት” ብሎ ይገላገላል። አባቶች አላሉትም። የተባለው ዓባይ በረሃ ውስጥ፣ አቀበቱ ወገብ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው፤ ያሉትም አንዲት መነኩሴ ናቸው። ያላመነ ወርዶ ገደሉን ይጠይቅ።

ስንሻው የሚባል የደብረ ማርቆስ ልጅ አዲስ አበባ ነግዶ ሲያልፍለት አንዲት ቀይ የውድድር መኪና ገዛ። ሆዷ ከመሬት የሚታከክ፣ በሯ ሁለት ብቻ፣ ስትነሳ እንደ ነብር ዘልላ የሰውን ጀርባ ከወንበሩ ጋር የምትሰፋ ጉድ ነበረች። ሠርጉ ሲደርስ እሱ ቀድሞ አገሩ ገባ፤ መኪናዋን ደግሞ ሹፌሩ አንሙት አክስቱን እማሆይ ጥሩወርቅን ጭኖ እንዲያመጣለት አዘዘ።

አንሙት ዕድሜውን አይሱዙ ላይ የጨረሰ ሰው ነው። ከማሽከርከሩ ይልቅ የሚታወቀው ግን በአንድ ዓመሉ ነበር፤ ምርቃት የሌለበት ግዢ አይገዛም። ቲማቲም ሲገዛ ቃሪያ ያስመርቃል፤ ሥጋ ሲገዛ አጥንት ያስመርቃል። ጥርሱን ሊያስነቅል ሄዶ እንኳ ሐኪሙን “ከጎኗ ያለችውን መርቁልኝ” ብሏል ይባላል።

ስንሻው ሊሄድ ሲል አንድ ጀሪካን አስረከበው።

“ስማ፣ አንሙት። ይህ ኦክቴኑ ከፍ ያለ ቤንዚን ነው፤ ስንት ደጅ ጠንቼ ያገኘሁት። የዚች ሞተር ቤንዚኑን አጥብቆ ይጨምቃል። ይህኛው ትዕግሥተኛ ስለሆነ ሰዓቱን ጠብቆ ነው የሚቃጠለው። ተራው ግን ችኩል ነው፤ ገና ሲጨመቅ ይፈነዳል።”

“ቢፈነዳስ ምን ይመጣል፣ ጋሼ?”

“አቀበት ላይ ሞተሩ ያንኳኳል። ማንኳኳት ከጀመረ ይሞታል። ሞተሩ ከሞተ መሪውም ፍሬኑም ድንጋይ ነው የሚሆነው። በረሃውን ከመውረድህ በፊት ጎሐ ጽዮን ላይ ይህንን ቅዳ። ሌላ ጠብታ እንዳታስገባ! እኔ ሽማግሌዎቹን ይዤ ደጀን ላይ እቀበላችኋለሁ።”

“ሌላ ጠብታ ባስገባ፣ አንገቴ ይቆረጥ!” አለ አንሙት።

ጎሐ ጽዮን ሲደርሱ የነዳጁ መርፌ ታች ወርዷል። አንሙት ጀሪካኑን አውርዶ ሊቀዳ ሲል፣ ሰብስቤ የሚባል መንገድ ዳር ቤንዚን የሚቸረችር ሰው ከጥላው ሥር ተነሥቶ መጣና ክዳኑን ከፍቶ አሸተተ።

“ይሄማ በትልልቅ ሞተር ሳይክል የሚያልፉት ፈረንጆች የሚለምኑኝ ነው። በዚህ በአንዱ ሁለት ጀሪካን ልስጥህ? አልዋሽህም፣ የኔውን ትንሽ ላምባ ነክቶታል።”

የአንሙት ልብ ዘለለ፤ ፊቱን ግን አጨፈገገ። “ምርቃቱስ?”

“አንዱን በሁለት ቀይረህ ደግሞ ምርቃት?”

“ያቺን የታሰረች በግ መርቅና ይለቅ።”

ሰብስቤ ከሲታዋን በግ አየ፣ ጀሪካኑን አየ። “ውሰዳት። ገመዷንም መርቄሃለሁ።”

እማሆይ ከወንበራቸው አንገታቸውን አወጡ። “አንሙት፣ ስንሻው ያዘዘህ ይህን ነው?”

“ቤንዚን ቤንዚን ነው፣ እማሆይ። ሁሉም ይሸታል፣ ሁሉም ይነዳል። ይልቅ ለሠርጉ በግ ይዘን ስንገባ አያምርም?”

እማሆይ አማተቡ። አንሙት የሰብስቤን ቤንዚን መኪናዋ ውስጥ ቀዳ። በጓ ከኋላ ወንበር ተጫነች፤ እስትንፋሷ ጆሯቸው ሥር ይሞቅ ጀመር።

ቁልቁለቱን መኪናዋ ድምፅ ሳታሰማ ወረደች። አንሙት መሪውን መታ መታ አደረገና “ሰሙ? ድመት እንኳ እንዲህ አታንኮራፋም!” አለ።

“ቁልቁለትማ ድንጋይም ይወርዳል፣ ልጄ” አሉ እማሆይ።

ድልድዩን ተሻግረው አቀበቱን ሲያያዙት የበረሃው ሙቀት በመስኮቱ እንደ ምድጃ ወላፈን ገባ። በመጀመሪያው ጥምዝ አንድ ነገር ቅጭ አለ፤ ቆርቆሮ ውስጥ የወደቀች ምስማር የመሰለ ድምፅ ነው። አንሙት ራዲዮኑን ከፍ አደረገው። በሁለተኛው ጥምዝ ምስማሯ መዶሻ ሆነች። ራዲዮኑን የባሰ ከፍ አደረገው፤ መዶሻውም አብሮ ከፍ አለ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። የስንሻው ቃል አንድ በአንድ ትዝ አለው። እንዳይቆም፣ ጠርዙ ጠባብ ነው፤ ከኋላው የጫነ የጭነት መኪና እያቃሰተ ይከተላል። እንዳይመለስ፣ መዞሪያ የለም። ነዳጅ ሲሰጣት ታንኳኳለች፤ ሲቀንስላት ትለግማለች።

“እማሆይ” አለ ራዲዮኑን አጥፍቶ፣ “በር የሚያንኳኳ ሰው ይሰማዎታል?”

“ይሰማኛል። ማን እንደሆነም ጠርጥሬያለሁ።”

“እባክዎ፣ እንዲህ አይበሉኝ!”

“አንተው ነህ የጠራኸው። እኔ ምን ልበልህ?”

ከጥምዙ ጫፍ ላይ ዳሽቦርዱ በቀይ መብራት ተሞላ። ከሞተሩ ውስጥ ጠመንጃ የተተኮሰ ያህል ጮኸ፤ ከዚያ ሁሉም ነገር ጸጥ አለ። ጸጥታው ከማንኳኳቱ ይብስ ነበር። መኪናዋ ትንሽ ቆማ እንዳሰበች ሁሉ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። አንሙት ፍሬኑን ረገጠ፤ ድንጋይ ነው። በሁለት እግሩ ቆመበት፤ ድንጋይ ነው። ከኋላ የሚመጣው የጭነት መኪና ክላክስ እያስጮኸ በጎን አመለጣቸው። አንሙት መሪውን በደረቱ ተጭኖ ጠመዘዘና የእጅ ፍሬኑን እስኪበጠስ ጎተተው። ጎማው ጠጠር እየረጨ ተንፏቀቀ፣ ከዚያ ቆመ።

ቆመ ማለት፣ የኋላው ግማሽ አየር ላይ ቆመ። አንሙት በመስታወቱ ሲያይ መንገድ አልነበረም፤ ከታች በጣም ሩቅ ዓባይ እንደ ቡናማ ክር ተዘርግቷል። ከጎማው ሥር የተፈናቀለ ድንጋይ ወደ ገደሉ ወረደ። የመድረሻውን ድምፅ ቢጠብቁ፣ ቢጠብቁ፣ አልመጣም።

“ባአአ” አለች በጓ፤ አንድ እርምጃም ወደ ኋላ አፈገፈገች። የመኪናዋ አፍንጫ ቀና አለ።

“እንዳትንቀሳቀሺ፣ የኔ እናት!” አለ አንሙት ሳይተነፍስ። ለበጓ ነው። በጓ ግን ደንግጣ ሌላ እርምጃ አፈገፈገች፤ አፍንጫውም ሌላ ስንዝር ተነሣ። አንሙት ልጆቹን በሆዱ ተሰናበተ።

እማሆይ ቀስ ብለው ከከረጢታቸው ቆሎ ዘገኑና እጃቸውን በትከሻቸው ላይ ወደ ኋላ ዘረጉ። በጓ አሸተተች። አንገቷን አስቀደመች፣ ከዚያ እግሯን። በወንበሮቹ መሃል ገብታ ስትቆረጥም አፍንጫው ቀስ እያለ ተመለሰ።

“አሁን ውጣ” አሉ እማሆይ።

“እርስዎ ይቅደሙ እንጂ።”

“እኔ ከወጣሁ ማን ያበላታል? ውጣና ከፊት ተጫናት፣ አንተ!”

አንሙት እንደ እባብ ተስቦ ወጣና የጋለው ሞተር መክደኛ ላይ በሆዱ ተኛ። ቆዳው ሲጠበስ ይሰማዋል፤ ቢነሣ ግን ሁለት ነፍስ ገደል ይገባል፤ ጥርሱን ነክሶ “ማርያም፣ ማርያም” አለ። እማሆይ መቋሚያቸውን ይዘው፣ በጓን በገመዷ እየሳቡ በበሩ ወጡ። ጠንካራ መሬት ረግጠው “በቃ” ሲሉት አንሙት ተንከባልሎ ወረደ።

መኪናዋ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ቀና አደረገች፤ ምንም ሳትቸኩል ሄደች። ድምፁ ዘግይቶ መጣ፤ የገደሉ ዝንጀሮዎች ሁሉ ተያይዘው ጮኹ።

አንሙት ጠጠሩ ላይ ተቀመጠ። በጓ ምንም እንዳልተፈጠረ የመንገዱን ዳር ሣር መጋጥ ጀምራለች። ያን ጊዜ ነው ከላይ ከደጀን በኩል የሠርግ ክላክስ የተሰማው፤ እንግዶቹ የዘገዩበት ስንሻው ሽማግሌዎቹን አስከትሎ ሊቀበላቸው እየወረደ ነበር። ክላክሱ በየጥምዙ ቀረብ፣ ቀረብ አለ።

“እማሆይ፣ ምን ብዬ ነው ፊቱ የምቀርበው?”

እማሆይ ሣሯን የምትግጠውን በግ አዩ፣ ገደሉን አዩ፣ አንሙትን አዩና የመቋሚያቸውን ጫፍ ወደ ክላክሱ ድምፅ ቀስረው እንዲህ አሉት፦ “ለነብር ሣር ያቀረበ፣ ራሱ እራት ሆኖ ይቀርባል።”