ከኩይሳው ሥር ያለው ሣር

መጋቢት ሲጋመስ የቆርኬዋ ጥጃ በጠራራ ፀሐይ፣ መንጋው ሁሉ በተሰማራበት ሜዳ መካከል ተበላ። ያየ አልነበረም። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ይግጥ ነበር።

ቀድሞ የሜዳው ሥርዓት ሌላ ነበር። የሜዳ አህዮች፣ ሚዳቋዎችና ከርከሮዎች አብረው ይግጣሉ፤ ቆርኬዋ ረጅሙ ኩይሳ ላይ ወጥታ ዙሪያውን ስትቃኝ ትውላለች። አንበሳው ከቁጥቋጦው ብቅ ሲል ድምፅ ታሰማለች፣ መንጋውም ይሮጣል። ቆማ ስለምትውል መጋጥ አትችልም። ስለዚህ ከኩይሳው ሥር የሚበቅለውን ሣር ማንም አይነካባትም፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወርዳ ትበላዋለች። እናቷም እንዲሁ ታደርግ ነበር። ይህን ማን እንደደነገገው የሚያስታውስ የለም።

በጥር መጨረሻ አንበሳው የውድድርና የምርታማነት ማሻሻያ አወጀ። አዋጁን ለጉባኤው ያብራራው አማካሪው ቀበሮ ነበር።

«ሜዳችን የደኸየው ሣር አጥቶ አይደለም» አለ ቀበሮ። «ከሁሉ የለመለመው ሣር በውርስ ለአንድ ቤተሰብ ስለተያዘ ነው። ያ ቤተሰብ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ነው የሚውለው።»

ጥቂቶች ሳቁ። ቀበሮው ቀጥሎ ከእንግዲህ ሣር ሁሉ ቀድሞ ለደረሰ እንደሚሆን፣ ክረምት እስኪገባ ከሁሉ በላይ የወፈረ ደግሞ የወንዙን ዳር ግጦሽ እንደሚሸለም ገለጸ። አንዲት ሚዳቋ ጥበቃው እንዴት እንደሚሆን ጠየቀች። ጥበቃውም ለውድድር ክፍት መሆኑን፣ ኩይሳው ላይ መውጣት የሚሻ ሁሉ ከዛሬ ጀምሮ ከልካይ እንደሌለበት መለሰላት። መልሱ በጭብጨባ ተቀባይነት አገኘ።

ቆርኬዋ ተነስታ እሷ ከወረደች አንበሳውን ማን እንደሚያይ ጠየቀች። መልስ የሰጣት ከርከሮ ነው።

«እመት ቆርኬ፣ አይክፋዎት እንጂ እኔ የምበላው በጉልበቴ ተንበርክኬ ነው። እርስዎ ቆመው ይውሉና የተዘጋጀ ይጠብቅዎታል። እስቲ አንድ ቀን ወርደው ይሞክሩት።»

አውራው የሜዳ አህያ በዚህ ተስማማ። ለነገሩ ሚስቱ እርጉዝ ስለነበረች ተጨማሪ ሣር ያስፈልጋት ነበር።

ቆርኬዋ ለጥቂት ቀናት እንደ ልማዷ ኩይሳው ላይ መውጣቷን አላቋረጠችም። ስትወርድ የምታገኘው እስከ ሥሩ የተነጨ ሣር ነበር። ወተቷ ቀነሰ። ጥጃዋ ጡቷን በግንባሩ ደጋግሞ ይጎሽምና ባዶውን ይለቃል። አንድ ማለዳ ወደ ኩይሳው መሄዷን ትታ ከሜዳ አህዮቹ ጎን መጋጥ ጀመረች። በእሷ ቦታ የወጣ የለም። የወጣ ሣሩ እንደሚበላበት ሁሉም ያውቅ ነበር።

ወተቷ ተመለሰ። ጥጃውም መቦረቅ ጀመረ። መጋቢት ላይ የሆነው ከዚህ በኋላ ነው።

በቀጣዩ ጉባኤ ቀበሮው የማሻሻያውን ውጤት አቀረበ። የመንጋው አማካይ ክብደት መጨመሩን፣ የተበላው ጥጃ ከሲታ ስለነበረም ከቁጥር ሲወጣ አማካዩ ይበልጥ ከፍ ማለቱን አስረዳ። የሳቀ አልነበረም፤ የተቃወመም አልነበረም። ቆርኬዋ መሬት መሬት ታያለች።

ቀበሮው ከሄደ በኋላ አውራው የሜዳ አህያ ወደ እሷ ጠጋ አለ። ሚስቱ ልትወልድ መቃረቧን ነገራትና ወደ ኩይሳው እንድትመለስ ለመናት። ለሁሉም የሚበጅ መሆኑን፣ የእሷም ስም ለዘለዓለም በክብር እንደሚጠራ ጨመረበት።

«ስሜን ተወው፣ አያ» አለችው። «ሣሩን ተዉልኝ፣ አሁኑኑ እወጣለሁ።»

የሜዳ አህያው ከርከሮውን አየ። ከርከሮው ሣሩን አየ። ክረምቱ አልገባም፤ የወንዙ ዳር ግጦሽ ገና ለአሸናፊው አልተሰጠም። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ከሽልማቱ በኋላ ቢታይ እንደሚሻል ከሚዳቋዎቹ አንዱ ሐሳብ አቀረበ። ሁሉም ደገፉት። ቆርኬዋም አንገቷን ደፍታ ወደ ግጦሿ ተመለሰች።

የሜዳ አህያዋ ሚያዝያ ላይ ወለደች። ውርንጭላዋ ሳምንት አልቆየም። ከእሱ በኋላ ሁለት ሚዳቋዎችና ከርከሮው ራሱ ተበሉ። ከርከሮው በዚያን ጊዜ ውድድሩን እየመራ ነበር።

ሰኔ ሲገባ አንበሳው ሞተ። ሬሳውን ያነሱት ጅቦች ናቸው፤ ስለ አጥንት ደግሞ የእነሱ ቃል ይታመናል። የኋላ እግሩ ተሰብሮ ተጣሞ የገጠመ ሆኖ አገኙት። ስብራቱ የቆየ ነው፤ ከአዋጁ በፊት የደረሰ። በዚያ እግር፣ እሱን አስቀድሞ ካየው እንስሳ አንዱንም ሮጦ ሊይዝ አይችልም ነበር።