የባዶ ወንበሮች «ይሂድ»

ይህን ወግ ለማውራት በመድፈሬ አስቀድሜ ይቅርታ እለምናለሁ። ንጉሥ አለበትና፤ ንጉሥ ያለበት ወግ ደግሞ የሚያምረው ውዳሴ ሲሆን ነው።

አንድ ንጉሥ ልጃቸው ትርሲት ምድርን ከላይ ቁልቁል እንድታይላቸው ሮኬት አሠሩ። የሠራው ሊቅ ለሹማምንቱ አንዲት ቃል አስተማረ፤ «ከመወንጨፉ በፊት ጠሪው ሁላችሁንም በየሥራችሁ ይጠራል። ‹ይሂድ› ያለ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ፣ በእጄ ፈትሻለሁ ማለቱ ነው። እሺ ጌታዬ ማለቱ አይደለም። አንድ ሰው ‹አይሂድ› ካለ ሁሉም ይቆማል።»

ጠሪነቱ ዘርጋው ለሚባል የቤተ መንግሥት ሰው ተሰጠ። ድምፁ ያምራል፤ ሐሳብ አያበዛም።

በልምምዱ ቀን የነዳጁ ሹም «አይሂድ፤ ጋኑ ያንጠባጥባል» አለ። ንጉሡ ርኅሩኅ ናቸውና «ደክሞታል፣ ይረፍ» አሉ። በማግስቱ ወንበሩ ብቻ ተገኘ። የበሩም ሹም «መግጠሚያው ተሰንጥቋል» ቢል እንዲሁ ዐረፈ። ኋላ ሊቁም ዐረፈ።

የመወንጨፊያው ቀን ቀትር ላይ ትርሲት ተሳፍራ በሩ ተዘጋ። ዘርጋው ጠዋት ስንጥቁን አይቶታል፤ ጥፍሩ ገብቶበታል። አሁን ግን ከእሱ በቀር በወንበር ላይ የተቀመጠ የለም።

«ጃንሆይ፣ ማንን ልጥራ?»

«ደንብ ነው፣ ጥራ! ዝም ያለ ተስማማ አይደል እንዴ?»

«ነዳጅ!»

«ይሂድ» አለ ባዶው ወንበር፣ በዐረፈው ሹም ድምፅ።

ዘርጋው ወደ ቀጣዩ ባዶ ወንበር ዞረ። «በር!»

«ይሂድ።»

«አየህ!» አሉ ንጉሡ ፊታቸው በርቶ። «እንዲህ ተግባብተን አናውቅም!»

የትርሲት ድምፅ በመነጋገሪያው ሽቦ መጣ፤ «ጋሼ ዘርጋው፣ በሩ ጋ የሆነ ነገር ያፏጫል። ደኅና ነው?»

የቀረው እሱ ራሱ ብቻ ነበር። «አይሂድ» ሊል አፉን ከፈተ። ንጉሡ ቀና ብለው አዩት። መልሶ ገጠመው።

«ይሂድ» አለ የገዛ ድምፁ፣ ከወንበሩ። ዘርጋው ከንፈሩን አላነቃነቀም። ዝቅ ብሎ ቢያይ የተቀመጠበት ወንበር ላይ ማንም የለም።

እሳቱ ተለቀቀ። ትርሲት ወጣች፤ አልተመለሰችም።

ትምህርቱ ይኸው ነው፤ «ይሂድ» የሚታመነው «አይሂድ» ያለ ሰው በወንበሩ በሚያድርበት አገር ብቻ ነው። ባዶ ወንበር እምቢ አይልም፤ ፈርቶ ዝም ያለ ሰው የተቀመጠበትም ባዶ ነው። በእናንተ ወንበር ላይ ሰው አለ?

አደራ፣ ይህን ለማንም አትድገሙ። የሚጠይቃችሁ ቢኖር «ሁላችንም ተስማምተናል» በሉት።