ሊቋ ከዋሻው ስትወጣ

አሮጌ መጽሐፍ እያዞረች የምትሸጥ አንዲት ሴት፣ ግእዝ አሳምራ ስለምታነብ በጀብዱ ፊልም ላይ ዋናዋ ተዋናይ ሆና ተመረጠች። በፊልሙ አንዲት ሊቅ ብራና እያነበበች፣ ገደል እየወጣች፣ ዋሻ ውስጥ የተደበቀ ዘውድ ታገኛለች።

የፊልሙ ባለቤት አቶ ድንበሩ ለራሳቸው የአጃቢዋን ቦታ ወስደው ነበር። ቀረጻው ሊያልቅ ሲል ግን አጃቢነቱ አነሰባቸውና፣

«ከዋሻው ተሸክሜሽ ነው የምወጣው» አሏት። እንኳን ሰው፣ ሆዳቸውን መሸከም ያቃታቸው ሰው ናቸው እኮ!

«ምን ሆኜ? እግሬ ደህና ነው። መውጫውንም ከብራናው አንብቤ የማገኘው እኔ ነኝ» አለች።

«ሴት ብቻዋን ወጣች ቢባል ማን ያምናል? ወይ ትከሻዬ ላይ ውጪ፣ ወይ ልብሱን አውልቀሽ ወደ ሱቅ በደረቴሽ ተመለሺ!» ብለው ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ ጮኹባት።

ሴትዮዋ ብራናዋን ጠቅልላ በብብቷ ያዘች።

«እሺ ጌታዬ፣ ይሸከሙኝ። የጥንት ሊቃውንትም ሩቅ አገር የሚሄዱት በበቅሎ ነበር። ብቻ መንገዱን የማውቀው እኔ ነኝና፣ ግራና ቀኝ የምመልስዎበት ልጓም ያሠሩልኝ» አለቻቸው።

አቶ ድንበሩ ከዋሻው የወጡት በእግራቸው፣ እሷን ከኋላ ተከትለው ነው።