አልነሳም ያለችው ወረቀት

ይህች ተረት አጭር ናት። እየዞረች ስለምትደጋግም ግን ትረዝማለች፤ ታገሧት።

እናኑ የምትባል የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቁራጭ ወረቀት ከጠረጴዛ ላይ እንድትነሳላት። የፊዚክስ አስተማሪዋ እንዲህ የሚል የቤት ሥራ ሰጥተዋል፦ «የፕላስቲክ ሚዶ ደረቅ ፀጉር ላይ እሹ። ወደ ቁራጭ ወረቀት አስጠጉ፤ አታስነኩ። ያያችሁትን ጻፉ። ሳይነካ እንዴት ሳበ? አስረዱ።» ቀኑ እሁድ ነው፤ ደብተር የሚሰበሰበው ሰኞ ጠዋት።

ቤቱ ክው ብሎ የቀረ ቤት ነበር። ከሃያ ቀን በፊት እናቷ ገበያ ልትሄድ ወጣች፤ መኪና ገጫት፤ አልተመለሰችም። አባቷ አየነው ለሐዘኑ ራሱን ተላጨ። አክስቷ ደብሪቱም ተላጨች። በቤቱ ውስጥ ፀጉር ያለው ራስ የእናኑ ብቻ ነው። እሱም ሹሩባ ነው፤ እናቷ በዚያው ጠዋት ቅቤ ቀብታ የሠራችው። ከዚያ ወዲህ አልተፈታም።

እናኑ ሚዶውን ሹሩባዋ ላይ አሸት አሸት አደረገችና ወደ ወረቀቷ አስጠጋች። ወረቀቷ ዝም።

«ወረቀት፣ ተነሺ እንጂ።»

«አልነሳም» አለች ወረቀቷ። «ማን ሳበኝና?»

ወደ ሚዶው ዞረች። «ሚዶ፣ ወረቀቷን ሳባት። ወረቀቷ አልነሳም አለች።»

«አልስብም» አለ ሚዶው። «የኤሌክትሪክ ሙል የለኝም። ሙል የማገኘው ከፀጉር ነው፤ ፀጉሩ ምን ሰጠኝ?»

ወደ ፀጉሯ ዞረች። «ፀጉር፣ ለሚዶው ሙል ስጠው። ሚዶው አልስብም አለ፤ ወረቀቷ አልነሳም አለች።»

«አልሰጥም» አለ ፀጉሩ። «ኤሌክትሮን ሞልቶኛል፤ ግን ቅቤ አፍኖኛል። የታዘዘው ደረቅ ፀጉር ነው።»

ወደ ቅቤው ዞረች። «ቅቤ፣ ፀጉሩን ልቀቀው። ፀጉሩ አልሰጥም አለ፤ ሚዶው አልስብም አለ፤ ወረቀቷ አልነሳም አለች።»

«አልለቅም» አለ ቅቤው። «ሃያ ቀን ሙሉ ውሃ አልነካኝም። እስክሸት ድረስ ተቀምጫለሁ፤ አሁን በልመና እሄዳለሁ?»

ደብሪቱ ከደጅ ሰማች። «የጎረቤቱን በግ ብታሺውስ? እሱ ቅቤ አልተቀባም» አለች። እናኑ ሄደች፤ በሚዶው አሸችው። በጉ ክው ብሎ አያት፤ ከዚያ አጥሩን ዘሎ ጠፋ።

ተመልሳ ወደ ጀሪካኑ ዞረች። «ውሃ፣ ቅቤውን እጠበው። ቅቤው አልለቅም አለ፤ ፀጉሩ አልሰጥም አለ፤ ሚዶው አልስብም አለ፤ ወረቀቷ አልነሳም አለች።»

«አልገባም» አለ ውሃው። «ሹሩባው ጥብቅ ነው። ላይ ላዩን ፈስሼ መውረዴ ነው።»

ወደ ሹሩባው ዞረች። «ሹሩባ፣ ላላ በል። ውሃው አልገባም አለ፤ ቅቤው አልለቅም አለ፤ ፀጉሩ አልሰጥም አለ፤ ሚዶው አልስብም አለ፤ ወረቀቷ አልነሳም አለች።»

ሹሩባው እንደ ሌሎቹ ቶሎ አልመለሰም። «አልላላም» አለ በመጨረሻ። «የሠራችኝ አጥብቃ ነው የሠራችኝ። እጅ ካልፈታኝ እንዲሁ እኖራለሁ።»

ወደ አክስቷ ዞረች። «እትዬ ደብሪቱ፣ ሹሩባው አልላላም አለ፤ ውሃው አልገባም አለ፤ ቅቤው አልለቅም አለ፤ ፀጉሩ አልሰጥም አለ፤ ሚዶው አልስብም አለ፤ ወረቀቷ አልነሳም አለች።»

ደብሪቱ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ ዘረጋች። ስንዝር ሲቀራት ቆመች።

«አልነካም» አለች። «ባለፈው ሳምንት ልፍታልሽ ስል የነከስሽኝን ረሳሽው? ይኸው ምልክቱ። አንቺ ፍቀጂና እፈታዋለሁ።»

እናኑ ደነገጠች። ከእንግዲህ ወደ ማን ትዙር? እጅ አልነካም አለ፤ ሹሩባው አልላላም አለ፤ ውሃው አልገባም አለ፤ ቅቤው አልለቅም አለ፤ ፀጉሩ አልሰጥም አለ፤ ሚዶው አልስብም አለ፤ ወረቀቷ አልነሳም አለች። ሁሉም የሚጠብቀው እሷን ነው። ስትለምን የዋለችው ራሷን ኖሯል።

«አልፈቅድም» አለች።

«ለምን፣ የኔ እናት?»

«ከተፈታ በቃ። እማዬ የሠራችው ሌላ የለም።»

ደብሪቱ የዘረጋችውን እጅ ሰበሰበች። ወደ አየነው ዞረች። አየነው በር አጠገብ የእንጨት ዱካ ላይ ተቀምጧል፤ ሃያ ቀን ሙሉ የሚቀመጠው እዚያው ነው።

«አየነው፣ ልጅህን አንድ ነገር በላት። እናኑ አልፈቅድም አለች፤ እጄ አልነካም አለ፤ ሹሩባው አልላላም አለ፤ ውሃው አልገባም አለ፤ ቅቤው አልለቅም አለ፤ ፀጉሩ አልሰጥም አለ፤ ሚዶው አልስብም አለ፤ ወረቀቷ አልነሳም አለች።»

አየነው ሁሉንም ሰማ። ምን ይበላት? «ሌላ ሰው እንደ እናትሽ አድርጎ ይሠራልሻል» ቢላት ውሸት ነው። «ተዪው፣ ይቆይ» ቢላት ፀጉሩ እዚያው ተቋጥሮ ይበሰብሳል።

«ይፈታ» አለ። «እኔ መልሼ እሠራዋለሁ።»

ሁለቱም ክው አሉ።

«አንተ?» አለች እናኑ።

«እኔ።»

«ትችላለህ?»

«አልችልም።»

«እና?»

«አንቺ ትነግሪኛለሽ። እኔ ከሩቅ ሳይ ነው የኖርኩት፤ አንቺ ግን እጇ ራስሽ ላይ እንዴት ይሄድ እንደነበር ታውቂያለሽ።»

እናኑ ሹሩባዋን በእጇ ዳሰሰች። ከዚያ እናኑ መሬት ላይ ተቀመጠችና ጀርባዋን ሰጠቻቸው።

«ቀስ ብላችሁ» አለች።

እናኑ ፈቀደች፤ እጅ ነካ፤ ሹሩባው ላላ፤ ውሃው ገባ፤ ቅቤው ለቀቀ፤ ፀጉሩ ፀሐይ ላይ ደረቀና ሰጠ፤ ሚዶው ሳበ፤ ወረቀቷ ተነሳች።

ዘላ ሚዶው ላይ ልጥፍ አለች። የእናኑ ፀጉር፣ ዘለላው ሁሉ ከጎኑ ካለው እየሸሸ፣ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ወረቀቷ ጥቂት ቆየችና ተስፈንጥራ ወደቀች።

«ምን ሆነች?» አለ አየነው። «ሳባት አይደል እንዴ?»

«ስትነካው ከራሱ ሙል አካፈላት። አሁን ሁለቱም አንድ ዓይነት ሆኑ። አንድ ዓይነት ሙል ይገፋፋል።»

«ይዛው ሄደች በይኛ።»

«ይዛው ሄደች።»

እናኑ ደብተሯን ጭኗ ላይ አድርጋ መጻፍ ጀመረች። አየነው ከኋላዋ ዱካው ላይ ተቀመጠ፤ ፀጉሯን ሦስት ቦታ ከፈለ፤ የቀኙን ወደ መሀል፣ የግራውን ወደ መሀል አመጣ። ጠመመበት፤ ፈታው፤ እንደገና ጀመረ።

«በሚዶው ዙሪያ የኤሌክትሪክ መስክ አለ» ብላ ጻፈች እናኑ። «መስኩ አይታይም። ሚዶው ወረቀቷን ሳይነካ የሚስባት በመስኩ ነው።»

ከዚያ እርሳሷን አቆመች።

«አባ፣ እዚያ ጋ አጥብቀው። እማዬ እዚያ ጋ ታጠብቅ ነበር።»

አጠበቀው።

ተረቴ አለቀች፤ ደረቅ ፀጉር ያለው ይሞክራት።