የአቶ ምትኩ ግቢና ስድስት መቶ ጫጩት

በኛ ከተማ ሰው በትንሽ ነገር ተቆጥቶ «ማስረጃ አለኝ፣ ወረቀት አለኝ» ብሎ ሲነሳ፣ አጠገቡ ያለው ሰው አንዲት አባባል ጣል ያደርጋል። እንግዳ ከሰማት ቀልድ ትመስለዋለች። እኛ ስንላት አንስቅም፤ የተባለችበትን ነገር በዓይናችን ያየን ሰዎች ገና በሕይወት አለን። አንዱ እኔ ነኝ። ያን ጊዜ የልብስ ስፌት መኪናዬን ዘርግቼ የምሠራው ከአቶ ምትኩ ግቢ ፊት ለፊት፣ ከእንስሳት መድኃኒት ቤቱ ጎን ነበር።

ከተማችን ከኮምቦልቻ ወደ ቆላው ሲወርዱ መንገድ ዳር የምትገኝ ናት። በገበያ ቀን መኪና ማቆሚያ ማግኘት ጭንቅ ነው። አቶ ምትኩ ይህን አይተው፣ ከሚያከራዩአቸው ስድስት ሱቆች ጎን ያለውን ሰፊ ግቢያቸውን ጠጠር አልብሰው መኪና ማቆሚያ አደረጉት። ጋሽ ሙሄ የሚባሉ ዘበኛ ቀጠሩ። አንድ ደንብም አወጡ፦ ደረሰኝ ሳይቆርጥ ያቆመ ሰው ጎማው በሰንሰለት ይታሰራል፣ የማቆሚያውን ሃያ እጥፍ ካልከፈለ አይፈታለትም።

ደንቡ በብረት በሩ ላይ በቀይ ቀለም ተጽፏል። ችግሩ፣ በሩ ቀን ቀን ወደ ውጭ ተከፍቶ ከአጥሩ ግንብ ጋር ይለጠፋል። ስለዚህ ጽሑፉን የሚያነበው ግንቡ ብቻ ነበር። ስንቱ አገር አቋራጭ ነጋዴ በዚያ ግቢ ተከራክሯል። ያሸነፈ ግን አላየሁም። አቶ ምትኩ ብዙም አይናገሩም፤ ሰንሰለቱ ይከራከርላቸዋል።

አንድ ሐሙስ፣ በሚያዝያ ሙቀት፣ ከድጃ የምትባል ሴት አሮጌ ፒካፕ እየነዳች መጣች። ከኋላ የጫነችው የአንድ ቀን ጫጩት ነበር፤ በቀዳዳ ካርቶን የተደረደረ ስድስት መቶ ጫጩት። በየቀበሌው ተመዝግበው ለሚጠብቁ ሴቶች ታከፋፍላለች። መንገድ ላይ አንደኛው ካርቶን ውስጥ ያሉት ሲዝሉባት ቪታሚን ልትገዛ ቆመች። ጋሽ ሙሄ ዙሁር ሊሰግዱ ሄደው ስለነበር በሩ ላይ ማንም የለም። ዙሪያዋን አይታ፣ «የሰው ያለህ» ብላ ጠርታ፣ መልስ ስታጣ አስገብታ አቆመችና ወደኔ ተሻገረች።

«ወንድሜ፣ መድኃኒት ቤቱ ክፍት ነው?»

«ክፍት ነው፣ ግቢ» አልኳት። ስለ ሰንሰለቱ አልነገርኳትም። ለሩብ ሰዓት ምን ይመጣል ብዬ ነው። ይኸው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

መድኃኒቷን ይዛ ስትመለስ ጎማዋ ታስሯል። አቶ ምትኩ ራሳቸው ከቤት ወጥተው አስረውት፣ ቁልፉን በጣታቸው አንጠልጥለው ቆመዋል።

«ጋሼ፣ ዘበኛ ፈልጌ አጥቼ ነው» አለች። «የማቆሚያውን ልክፈልና ይፍቱልኝ።»

«የማቆሚያው አልፏል። አሁን ቅጣት ነው።»

«ምን አጥፍቼ?»

«በሩ ላይ ተጽፏል።»

ዞራ በሩን ፈለገች። ሄዳ ከግንቡ ሳብ አድርጋ ከኋላው ያለውን ጽሑፍ አነበበች። «ይሄን ለማንበብ መጀመሪያ በሩን ልዘጋልዎት ነበር እንዴ?»

ከሱቆቹ ደጃፍ የነበርነው ሁሉ ሳቅን። ነገሩን ያበላሸችው ያቺ ሳቅ ናት። የአቶ ምትኩ ፊት ተለዋወጠ።

ከድጃ የተጠየቀችውን ያህል በእጇ አልነበራትም፤ ገንዘቡን የምታገኘው ጫጩቶቹን ስታስረክብ ነው። መንጃ ፈቃዷን አውጥታ ዘረጋችላቸው። «ይሄን ይያዙ። ማታ ስመለስ እንነጋገራለን፣ ካስፈለገም ዳኛ ፊት እንቆማለን። እነዚህ ግን ፀሐይ አይችሉም።»

«ወረቀትሽ ምን ያደርግልኛል?»

«እንግዲያው መኪናው ይቅር። ካርቶኖቹን ብቻ ጥላ ላስገባ።»

«መኪናውም ጭነቱም መያዣ ነው» አሉ። ክንዷን ይዘው ከግቢው አስወጧትና በሩን ከውስጥ ዘጉት። ቀዩ ጽሑፍ ወደ መንገዱ ዞረ። «አሁን በደንብ ይነበባል» የሚል ድምፅ ከውስጥ ሰማን።

አቶ ምትኩን ገንዘብ ወዳድ ናቸው እንላለን እንጂ፣ ለቅሶ የሚደርሱ፣ የታመመ የሚጠይቁ ጎረቤታችን ናቸው። ይሄን ያደርጋሉ ብሎ ያሰበ አልነበረም። ከበሩ ኋላ የጫጩቱ ጩኸት ይሰማል። ስድስት መቶ ጫጩት አንድ ላይ ሲጮህ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ነው። ከድጃ ጆሮዋን ብረቱ ላይ ለጥፋ ቆመች። ጋሽ ሙሄ ከመስጊድ ሲመለሱ ነገሩን ሰምተው በሩን አንኳኩ። «አቶ ምትኩ፣ ነፍስ ናቸው። ይክፈቱ» አሉ። አልተከፈተም። ቆይቶ ጩኸቱ እየሳሳ መጣ። ያኔ ከድጃ ወደኔ ዞራ፣ በጣም ቀስ ብላ፣ «እየቀነሱ ነው» አለችኝ።

መቀሴን ጥዬ ጋሽ ይርዳው ቤት ሮጥኩ። ጋሽ ይርዳው ጡረታ የወጡ ቀያሽ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ መሬት ሲለኩ የኖሩ፣ በሰፈሩ ጠብ ሲነሳ የሚጠሩ ሽማግሌ። ከዘራቸውን ይዘው መጡና በሩን መቱበት። ለእሳቸው ተከፈተ። እኛም ተከትለን ገባን፤ አቶ ምትኩ ግን ካርቶኖቹን ማንም እንዳይነካ ከለከሉ።

«ምትኩ፣ መጀመሪያ እነዚህ ፍጥረቶች ውሃ ይቅመሱ። ክርክሩ የትም አይሸሽም።»

«ጋሽ ይርዳው፣ እርስዎ ሕግ የሚያውቁ ሰው ነዎት። የሰው ግቢ ሳያስፈቅዱ መግባት ጥፋት አይደለም?»

«ግቢው ያንተ ከሆነማ ጥፋት ነው።»

ሽማግሌው ይህን ያሉት ለነገር አልነበረም፤ እንዲያው የዳኝነት ወግ ነው። አቶ ምትኩ ግን ዘለሉ። «ከሆነ? አሥራ ሁለት ዓመት የኖርኩበትን ‹ከሆነ› ይሉኛል?» ወደ ቤት ገብተው የግቢውን ካርታ በላስቲክ እንደተጠቀለለ አመጡና የፒካፑ ሞተር ክዳን ላይ ዘረጉት። «ያንብቡት። ጮክ ብለው ያንብቡት፣ ይሄ ሁሉ ሰው ይስማ።»

ጋሽ ይርዳው መነጽራቸውን አደረጉ። አነበቡ። ቀና ብለው ሱቆቹን አዩ፤ ደግመው አነበቡ። ከዚያ ረጅም ሜትር ያለው ሰው ጠየቁ። ከአቶ ምትኩ ተከራዮች አንዱ፣ የብረታ ብረት ነጋዴው፣ ከሱቁ አመጣላቸው። ከጓሮው የወሰን ድንጋይ ጀምረው እኔና ነጋዴው ሜትሩን እየጎተትን፣ እሳቸው እየቆጠሩ ወደ ፊት መጣን። ፒካፑ ጋ ለመድረስ አንድ እርምጃ ሲቀረን «በቃ፣ ቁሙ» አሉን።

«ምትኩ፣ ቤቱን ስትገዛ አስለክተሃል?»

«ካርታውን ተረከብኩ። አጥሩን ተረከብኩ። ሌላ ምን አለ?»

«ካርታህ ሠላሳ ሜትር ይላል። ሠላሳው እዚህ አለቀ። ከዚህ ወዲያ ለመንገድ ማስፊያ የተተወ መሬት ነው፤ ይኸው፣ በነጠብጣብ ተሰምሯል።» ከዘራቸውን አነሡ። «መኪናዋ የቆመችው መንገድ ላይ ነው። በርህ ያለው መንገድ ላይ ነው። ሱቆቹም…» አልጨረሱትም።

ተከራዮቹ ከየሱቃቸው ወጥተው የቆሙበትን መሬት ያያሉ። አቶ ምትኩ ካርታውን አንስተው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፣ ገለበጡት። «እንደገና ይለካ» አሉ። እንደገና ለካን። ያው ነው። ጋሽ ሙሄ ቀረብ ብለው ቁልፉን ከጣታቸው ላይ አወጡት፤ አቶ ምትኩ የተወሰደባቸውንም ያወቁ አልመሰለኝም።

ከድጃ ካርቶኖቹን አንድ በአንድ ከፈተች። መቶ አርባው ሞቷል። አላለቀሰችም። መሬት ተቀምጣ በውሃ ጠርሙስ ክዳን የቀሩትን በየአፋቸው ታጠጣ ጀመር። እኛም ዙሪያዋን ተቀመጥን፤ ነጋዴው፣ ጋሽ ሙሄ፣ ሳቂዎቹ ሁሉ። በመዳፌ ውስጥ አንዷ አንገቷን ቀና ስታደርግ የተሰማኝን እስከ ዛሬ ለሰው መናገር አልችልም። ከድጃ ስትሄድ አቶ ምትኩን ዞር ብላ አየቻቸው። «የሞቱትን በሽማግሌ እጠይቅዎታለሁ» አለች። ጠየቀችም፤ በሳምንቱ ጋሽ ይርዳው ዳኝተው ሙሉውን አስከፈሉላት።

ነገሩ በዚያ አልቆመም። ያን ያህል ሰው የሰማው ነገር አይታፈንም። ቀደም ሲል የተቀጡት ነጋዴዎች ተሰብስበው ቅሬታ አስገቡ። የማዘጋጃ ቤት ቀያሾች መጥተው ለኩ፤ ልካቸው ከጋሽ ይርዳው ልክ አንድ ክንድ እንኳ አልተለየም። በግንቦት ሱቆቹ ላይ ቀይ ምልክት ተደረገ። በሰኔ አፍራሽ ማሽኑ መጣ።

የሚፈርስበት ቀን አቶ ምትኩ መንገዱን ተሻግረው እኔ በረንዳ ላይ መጡ። ወንበር ሰጠኋቸው። የመጀመሪያው ሱቅ ሲናድ ዓይናቸውን አልጨፈኑም። ስድስተኛው ከወደቀ በኋላ፣ አቧራው ገና ሳይወርድ፣ ለማንም ሳይሆን እንዲህ አሉ፦

«አሥራ ሁለት ዓመት ያንን ወረቀት ከሳጥን አውጥቶ ያየው ሰው አልነበረም። ያን ቀን ሰንሰለቱን ብፈታላት ኖሮ ማን ያየው ነበር?»

ጋሽ ሙሄ ከጎናቸው ቆመው ነበር፤ ሥራቸው ከግቢው ጋር አብሮ ፈርሷል። እጃቸውን በአቶ ምትኩ ትከሻ ላይ አኖሩና፣ ያለ ቂም፣ ለወንድም እንደሚነገር አድርገው ተናገሩ፦

«ምን ይደረግ አቶ ምትኩ፤ ካርታ ያወጣ በካርታ ይወጣል።»